ስለ ውይይት አመራር



ሰዎችን ሰብስቦ የታሰበውን መንገርና ሰዎችን ሰብስቦ ያልታወቀውን መፈለግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያውን በየመሥሪያ ቤታችን ደኅና አድርገን እናውቅበታለን። ሁለተኛውን ግን የምናውቀው እየመሰለን ብዙ ጊዜ እንስታለን፤ የዛሬውም ንግግራችን ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

ምሳሌውን ከጅጅጋ አካባቢ እንወስዳለን። ከከተማይቱ በስተምሥራቅ በሐርሺን ወረዳ ሕዝቡ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅመው «ብርካ» በሚባል፥ ከመሬት ውስጥ ተቆፍሮ በሲሚንቶ በተለሰነ ጉድጓድ ነው። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ወደዚያ ሄዶ «አዲስ ብርካ እንዲሠራላችሁ ትፈልጋላችሁን?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «አዎን» ነው፤ የተጠማ ሰው ውሃ አልፈልግም አይልምና። እርሱም «ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ብሎ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል። ነገር ግን ብርካው በማን ግጦሽ ላይ እንደሚቆፈር፥ ውሃው ሲጎድል ማን ቀድሞ እንደሚያጠጣ፥ ውሃውን ተከትሎ የሚመጣው የጎረቤት ከብት የት እንደሚሰማራ አልተነገረም። ጠቡ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ይኸው ሠራተኛ «ባለፈው በጋ ውሃው ሲያልቅባችሁ ምን አደረጋችሁ?» ብሎ ጠይቆ ዝም ቢል ኖሮ ይህን ሁሉ አስቀድሞ በሰማ ነበር።

ዝም ማለት ግን ቀላል አይደለም። እኔ ራሴ አንድ ስብሰባ ስመራ «ጥያቄ ያለው?» ብዬ ትንፋሽ እንኳ ሳልወስድ «ከሌለ እንቀጥል» በማለቴ፥ አንድ አዛውንት ከበር ላይ ጠብቀው ዋናውን ነገር ነግረውኛል። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባወጡት ጥናት፥ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚታገሡት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን ገልጸዋል። ትዕግሥቱ ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲል የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፤ ዝምተኞቹም መናገር ይጀምራሉ።

በዚህ ረገድ ከሶማሌ ሽማግሌዎች የምንማረው አለ። «ሺር» የሚባለው ጉባኤያቸው በዛፍ ጥላ ሥር ይደረጋል፤ ነገሩ እስኪግባቡበት ድረስ ቀናት ቢፈጅ ማንም አይደነቅም። በሲቲ ዞን፥ በሽንሌና በአካባቢው የሚኖሩት የኢሳ ጎሣ ሰዎች በቃል የሚተላለፈውን ሕጋቸውን «ሄር ኢሴ» ይሉታል። በጥንት ጊዜ ያቆሙት 44 ሽማግሌዎች መሆናቸው ይነገራል። ይህም ሕግ በኢትዮጵያ፥ በጅቡቲና በሶማሊያ የጋራ አቅራቢነት በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ሆኖም በልማዳዊው ሺር ሴቶች አይቀመጡም፤ ለቤት ውሃ የሚቀዱት ግን አብዛኛውን ጊዜ እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ስለ ውሃ የሚመክር ሹም ሽማግሌዎቹን ካከበረ በኋላ ሴቶቹን ለብቻቸው ሰብስቦ ሊጠይቃቸው ይገባል፤ ያለዚያ ከነገሩ ግማሹን ብቻ ይዞ ወደ ቢሮው ይመለሳል።

ወደ ትምህርት ቤት ስንመለስም ችግሩ ያው ነው። ባለፉት ዓመታት በተደራጀው የአንድ ለአምስት ቡድን ብዙ ጊዜ ጎበዙ ይሠራ ነበር፤ የቀሩት ይገለብጡ ነበር። ይህን ውይይት ማለት ያስቸግራል። እንግሊዛዊው የትምህርት ሊቅ ዳግላስ ባርንስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ሐሳብን እየፈለጉ መናገርና ያለቀ ሐሳብን ማቅረብ የተለያዩ መሆናቸውን አስረድተዋል። እየፈለገ የሚናገር ሰው ይንተባተባል፥ ቃሉን ያርማል፥ «ምናልባት» ይላል። መምህሩ በዚህ ጊዜ ካረመው ልጁ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም።

በጅጅጋ ደግሞ የቋንቋ ነገር ይጨመርበታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዷል፤ በሁለተኛ ደረጃ ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። በሶማሊኛ በደንብ የሚከራከር ወጣት በእንግሊዝኛ ተናገር ሲባል ዝም ቢል ሐሳብ የለውም ማለት አይደለም። አስተዋይ መምህር በመጀመሪያ በአራት በአራት ከፍሎ በሶማሊኛ ያወያያቸዋል፤ የደረሱበትን ብቻ በእንግሊዝኛ ያስነግራቸዋል። እርሱም በየቡድኑ እየተዘዋወረ ያዳምጣል እንጂ አይፈርድም።

የስብሰባ መሪም እንዲሁ የራሱን ሐሳብ ለመጨረሻ ያቆያል። አለቃ ከተናገረ በኋላ ተቃራኒ ሐሳብ የሚያወጣ ሠራተኛ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው፤ ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። ጸሐፊው የተስማሙበትን ብቻ ሳይሆን ያልተስማሙበትንም ጭምር ይጻፍ። ሰዎቹ ከመበተናቸው በፊት የተጻፈው በገዛ ቋንቋቸው ይነበብላቸው፤ «እንዲህ አላልሁም» የሚል ካለም በዚያው ይታረም።