አንድ ኩንታል ስንዴ ስንት ቦታ ይጻፋል?

ከአርሲ ስንዴ የጫነ አይሱዙ አዳማ ውስጥ ካሉት የዱቄት ፋብሪካዎች በአንዱ በር ላይ ሲቆም መጀመሪያ የሚመዘገበው የጥበቃው ደብተር ላይ ነው፤ የሰሌዳ ቁጥር፣ የሾፌሩ ስም፣ የገባበት ሰዓት። ከዚያ ሚዛን ላይ ይወጣል። የሚዛኑ ሠራተኛ ሙሉውንና ባዶውን ክብደት መዝግቦ ወረቀት ይቆርጣል። ጥራት ክፍል እርጥበቱንና ባዕድ ነገሩን ለክቶ በራሱ ቅጽ ላይ ያሰፍራል። የመጋዘን ኃላፊው የዕቃ ገቢ ደረሰኝ፣ በመንግሥት ቤት ልማድ ብዙዎች ዛሬም ሞዴል 19 የሚሉትን፣ ሞልቶ ቢን ካርዱ ላይ ይደምራል። ሂሳብ ክፍል ወረቀቱ በማግሥቱ ይደርሰውና ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ ያስገባዋል። ገንዘብ ከፋዩም ቼክ ከመጻፉ በፊት የወረቀቱን ክምር አያይዞ አንድ በአንድ ያመሳክራል። ማታ ባለቤቱ ደውሎ «ዛሬ ስንት ገባ?» ብሎ ቢጠይቅ መጋዘኑ አንድ ቁጥር፣ ሂሳብ ክፍሉ ሌላ ቁጥር ይነግሩታል።

ማንም አልዋሸም። የመጋዘኑ ቁጥር የዛሬ ነው፣ የሂሳብ ክፍሉ የትናንት። አንዱ የያዘው ሚዛኑ ያሳየውን ክብደት ነው፤ ሌላው የያዘው ለእርጥበት ተቀናንሶ ክፍያ የሚፈጸምበትን። ኢአርፒ የሚባለው ሥርዓት የተፈጠረው ይህን ክፍተት ለመዝጋት ነው። አንድ ሥራ ሲከናወን፣ በተከናወነበት ቦታ፣ ባከናወነው ሰው እጅ አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘገባል። ግዥም፣ መጋዘንም፣ ምርትም፣ ሽያጭም፣ ሂሳብም ያንኑ አንድ መዝገብ ያያሉ። ሚዛኑ ላይ የገባው ቁጥር እዚያው የመጋዘኑ ክምችት ይሆናል፤ ለአቅራቢው የሚከፈል ዕዳም ሆኖ ሂሳቡ ውስጥ ይቀመጣል። ደግሞ የሚጽፍ፣ ደግሞ የሚደምር ሰው የለም።

የነገሩ ሥር ያለው ፋብሪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጆሴፍ ኦርሊኪ የተባለ የአይቢኤም ባለሙያ ለምርት የሚያስፈልገውን ጥሬ ዕቃ በኮምፒውተር አስቀድሞ የማስላትን ዘዴ አዳበረ። በ1972 አይቢኤምን የለቀቁ አምስት መሐንዲሶች ጀርመን ውስጥ ሳፕ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። ጋርትነር የተባለው የአሜሪካ የጥናት ድርጅት በ1990 የኢአርፒን ስም አወጣ። ዛሬ ከሳፕና ከኦራክል ሌላ፣ እንደ ቤልጂጉ ኦዱ ያሉ መካከለኛ ድርጅት ሊደፍራቸው የሚችሉ ሥርዓቶችም አሉ።

የኦርሊኪ ስሌት ለአዳማ ዱቄት አምራች ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። አንድ የሻሸመኔ ደንበኛ 600 ኩንታል ዱቄት አዘዘ እንበል። ከ100 ኩንታል ስንዴ 75 ኩንታል ዱቄት ይወጣል ብለን ከያዝን 800 ኩንታል ስንዴ ያስፈልጋል። 1,200 ባለ 50 ኪሎ ጆንያ መዘጋጀት አለበት። ብክነቱን ትተን ወደ 200 ኩንታል የሚጠጋ ፉርሽካ ይተርፋል፤ እሱም የቢሾፍቱ ከብት አርቢና መኖ አቀናባሪ የሚፈልገው ሸቀጥ ነው። ሥርዓቱ ትዕዛዙን እንደተቀበለ መጋዘን ያለውን ስንዴ ያያል፣ ለሌላ ደንበኛ የተያዘውን ይቀንሳል፣ የጎደለውን ለግዥ ክፍል ያሳውቃል፣ ጆንያው መቼ መታዘዝ እንዳለበት ይናገራል፣ ፉርሽካውንም ለሽያጭ አስቀድሞ ያሳያል። ልምድ ያለው የምርት ኃላፊ ይህን በጭንቅላቱ ያሰላዋል። ችግሩ እሱ ሲታመም ወይም ሥራ ሲለቅ ስሌቱ አብሮት መሄዱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሳል፤ ኮምፒውተሩ የሚቀበለው የትኛውን አሠራር ነው? ያለውን ወይስ መሆን የሚገባውን?

አሜሪካዊው ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 ሐርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ ባወጣው ጽሑፍ የፎርድን ታሪክ ያነሳል። የሰሜን አሜሪካው ፎርድ ለአቅራቢዎች ክፍያ የሚያዘጋጅ ከ500 በላይ ሠራተኛ ነበረው። ኮምፒውተር አስገብቶ ቁጥሩን ወደ 400 ለማውረድ አሰበ። ከዚያ ማዝዳን ተመለከተ፤ እዚያ ይህን ሥራ የሚሠሩት አምስት ሰዎች ነበሩ። ማዝዳ በመጠን ያንሳል፤ ልዩነቱ ግን በመጠን ብቻ የሚገለጽ አልነበረም። የፎርድ ሠራተኞች ቀናቸው የሚያልቀው የግዥ ትዕዛዙን፣ የመጋዘኑን ገቢ ሰነድና የሻጩን ደረሰኝ ሲያመሳክሩ፣ ሳይገጥም ሲቀርም ምክንያቱን ሲያፈላልጉ ነበር። ፎርድ አሠራሩን ከሥሩ ለወጠው። የሻጩን የክፍያ መጠየቂያ መጠበቅ ቀረ። ዕቃው በር ላይ ሲደርስ ተረካቢው ሠራተኛ ትዕዛዙን ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጎ ያመሳክራል፤ ከገጠመ ይረከባል፣ ክፍያውም ይዘጋጃል፤ ካልገጠመ ዕቃው ይመለሳል። በክፍሉ ከነበረው ሠራተኛ ሦስት አራተኛው ለዚያ ሥራ አላስፈለገም።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ቢፒአር በሚል ስም በ1990ዎቹ ዓ.ም. በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ገብቷል። በየቢሮው በር ላይ ስናነበው የኖርነው «የሥራ ሂደት መሪ» የሚለው ማዕረግ የመጣው ከእሱ ነው። በብዙ ቦታ ከማዕረጉ አልፎ ቅደም ተከተሉን አልለወጠም ብዬ አምናለሁ። ለዚህም አንዱ ምክንያት የሥራ ሂደቱ ሲነደፍ አንድነት ያለው መዝገብ ከጀርባው አለመኖሩ ነው። መረጃው በየክፍሉ ተበታትኖ ሲቀር አዲሱ አሠራር በአሮጌው ደብተር ላይ ተጻፈ። የግል ፋብሪካዎቻችን ዛሬ የተገላቢጦሹን ስሕተት ለመሥራት ተቃርበዋል፤ መዝገቡን ይገዛሉ፣ የሥራ ሂደቱን ግን አይነድፉም። ሦስት ፊርማ የሚጠይቅ ወረቀት አምስት ፊርማ የሚጠይቅ የኮምፒውተር ገጽ ይሆናል።

የሥራ ሂደት መንደፍ ከፋብሪካው አጥር ውጭም ይወጣል፤ አዳማም ለዚህ የተመቸ ስፍራ ላይ ናት። የጂቡቲ መንገድና ባቡር ያልፉባታል። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ሞጆ ደረቅ ወደብ አለ፤ የአገሪቱ ገቢ ኮንቴይነር አብዛኛው የሚራገፍበት ነው። ከውጭ የወፍጮ መለዋወጫ ያዘዘ ነጋዴ ከባንክ ፈቃድና ከኤልሲ ጀምሮ እስከ ዲክላራሲዮን ድረስ በርካታ ተቋማትን ያካልል ነበር። የጉምሩክ ኮሚሽን በ2012 ዓ.ም. ያስጀመረው የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት የታሰበው አስመጪው ሰነዱን አንድ ቦታ አስገብቶ ፈቃድ ሰጪዎቹ ተቋማት ሁሉ ከዚያው እንዲያዩት ነው። በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ኢአርፒ የሚሠራው ሥራ እዚህ በተቋማት መካከል ይሠራል። በዚያው ዓመት የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ እውቅና ሰጠ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የሻሸመኔው ደንበኛ በስልኩ አዝዞ በስልኩ የሚከፍልበት መንገድ ተከፍቷል ማለት ነው። የቀረው ትዕዛዙ በሻጩ ደብተር ላይ ቆሞ እንዳይቀር ከክምችቱ ጋር ማገናኘት ነው።

የተነደፈ የሥራ ሂደት ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ይመልከት። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን በመጀመሪያ ሥራ አስፈጻሚነት የመሩት ይህ ተቋም በ2000 ዓ.ም. ግብይት ጀመረ። አዳማም መጋዘን ከተቋቋመባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ የስምጥ ሸለቆው ነጭ ቦሎቄ ወደዚያ ይገባል። ምርቱ ናሙና ተወስዶለት ደረጃ ይወጣለታል፤ ይመዘናል፤ ለባለቤቱ የርክክብ ደረሰኝ ይሰጠዋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚሸጠው በማዕከላዊው መዝገብ ላይ ያለው መብት ነው፤ ጆንያው ከአዳማ መነቃነቅ አያስፈልገውም። ገዥ ዕቃውን ሳያይ በደረጃው ተማምኖ ይገዛል፤ የሻጭ ገንዘብ በማግሥቱ ባንክ ይገባል። መጀመሪያ ግብይቱ የሚካሄደው አዲስ አበባ ላይ በጩኸትና በእጅ ምልክት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በኮምፒውተር መተካት ጀመረ። ልብ በሉ፤ ኮምፒውተሩ ግብይቱን ሲረከብ ደረጃው፣ ሚዛኑ፣ ደረሰኙና የክፍያው ቀን ቀድመው ተወስነው ነበር። ቅደም ተከተሉ መሆን ያለበትም እንዲህ ነው።

ወደ ፋብሪካው እንመለስና አስቸጋሪውን ሥራ እንይ። ሥርዓቱን የሚያውከው ብዙ ጊዜ ትንሽ የሚመስል ነገር ነው። አንድ አቅራቢ በአንዱ ሰነድ አድራሻው ናዝሬት፣ በሌላው አዳማ ይባላል፤ ሌላው ዝዋይና ባቱ፣ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ ይሆናል። ስሙ አንድ ቦታ በአማርኛ፣ ሌላ ቦታ በቁቤ፣ ሌላ ቦታ በእንግሊዝኛ በየጸሐፊው ምርጫ ይሰፍራል። ኮምፒውተሩ እነዚህን እንደ ሦስት ሰው ይቆጥራል፤ ለአንዱ ደረሰኝ ሁለቴ ሊከፈል ይችላል፣ የዱቤ ጣሪያውም ትርጉም ያጣል። መፍትሔው ስሙን ትቶ በቲን ቁጥር መያዝ ነው። መጋዘን ውስጥም እንዲሁ ነው፤ አንዱ «ቤሪንግ»፣ ሌላው «ኩሽኔታ» ብሎ የመዘገበው ያው ዕቃ በሁለት መደርደሪያ ተቀምጦ ሦስተኛው ይገዛል። የዕቃ ኮድ ማውጣት አሰልቺና ረጅም ሥራ ነው። ሥርዓቱ ከሚገዛበት ቀን በፊት መጀመር ያለበትም እሱ ነው።

የቀን አቆጣጠሩም አለ። የብዙ ድርጅቶቻችን የሂሳብ ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሐምሌ 1 ደግሞ በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ነው። በፈረንጆቹ ወር መጨረሻ ብቻ ለመዝጋት የተሠራ ሥርዓት ሰኔያችንን ለሁለት ወር ይከፍለዋል፤ ጳጉሜንንም የት እንደሚያደርጋት አያውቅም። የሌሊት ፈረቃም አለ። ሥርዓቱ ቀን የሚለውጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ ምሽት ላይ የገባ ፈረቃ ያመረተው ዱቄት ለሁለት ቀን ይከፈላል። እነዚህ ሁሉ ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው፤ ግን ሻጩ ከመፈረሙ በፊት ካልተነገረው በኋላ እያንዳንዱ ማስተካከያ ተጨማሪ ክፍያ ነው። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራ በምን ይቀጥላል? በወረቀት ከሆነ፣ ወረቀቱን በማግሥቱ ማን ያስገባዋል? ይህም በጽሑፍ መወሰን አለበት።

ጥድፊያ የሚያስከፍለውን ዋጋ ደግሞ ከአሜሪካው ከረሜላ አምራች ከኸርሺ መማር ይቻላል። ኩባንያው 112 ሚሊዮን ዶላር ያወጣበትን ሥርዓት፣ አራት ዓመት ይፈጃል የተባለውን፣ በ30 ወር ለመጨረስ ቸኮለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሥራ ያስጀመረው ከረሜላ በብዛት የሚሸጥበት የሃሎዊን በዓል ትዕዛዝ በሚጎርፍበት ወቅት ነው። ከረሜላው መጋዘን ውስጥ ነበር፤ ሥርዓቱ ግን የት እንዳለ በትክክል አላወቀም። 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ትዕዛዝ ሳይደርስ ቀረ። የእኛ ዱቄት አምራችም በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ወይም በሰኔ መዝጊያ ሰሞን አዲስ ሥርዓት ማስጀመር የለበትም።

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ለምትሠሩ የፋብሪካና የድርጅት ባለቤቶች የምለው ይህን ነው። ውል ከመፈረማችሁ በፊት የሚዛን ሠራተኛውን፣ የመጋዘን ኃላፊውን፣ የሂሳብ ሠራተኛዋንና የሽያጭ ሠራተኛውን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጡ። አንድ ኩንታል ስንዴ ከበር ገብቶ ገንዘብ ሆኖ እስኪመለስ የሚያልፍበትን መንገድ እነሱ ራሳቸው በወረቀት ይሳሉት፤ የትኛው ፊርማ ገንዘብ እንደሚጠብቅ፣ የትኛው ጊዜ ብቻ እንደሚያባክን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሚዛን የሚመዝን፣ ዕቃ የሚረከብና ክፍያ የሚያጸድቅ አንድ ሰው እንዳይሆን በዚያው ወስኑ። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በቅርባችሁ ነው፤ የኮምፒውተርና የሶፍትዌር ተማሪዎቹን ለመመረቂያ ሥራቸው ጋብዟቸው፣ በሩንም ክፈቱላቸው። ከሻጩ ጋር ስትዋዋሉ መረጃው የእናንተ መሆኑን፣ ውሉ ቢቋረጥ በሚነበብ መልክ እንደሚሰጣችሁ፣ ሠራተኞቻችሁ በሚገባቸው ቋንቋ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፣ እንደሚሠለጥኑ አስጽፉ። ያን ወረቀት ሳትይዙ አትፈርሙ።