የብሪታንያ እንግሊዝኛ፦ "ሰርጀሪ ይምጡ" ሲባሉ አይደንግጡ

ከቴሌቪዥንና ከፊልም የለመድነው እንግሊዝኛ ባመዛኙ የአሜሪካኖቹ ነው። ለንደን ወይም ማንቸስተር ሲደርሱ ግን ቃሉን እያወቁት ትርጉሙ የሚያመልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

አብረውን የተጓዙ አንዲት እናት ሆዳቸውን አሟቸው ስልክ ብንደውል "በሃፍ ናይን ሰርጀሪ ይምጡ" ተባልን። እናታችን "ሳይመረምሩኝ ሊቀዱኝ ነው እንዴ?" ብለው አንሄድም አሉ። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ቃሉን ቀዶ ሕክምና ብለን ተረጎምንላቸው። በብሪታንያ ሰርጀሪ ማለት የሰፈር ሐኪም የሚገኝበት ክሊኒክም ነው፤ እዚህ ኩፓት ሆሊም እንደምንሄደው ማለት ነው። የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል "ኤ ኤንድ ኢ"፣ መድኃኒት ቤት ደግሞ "ኬሚስት" ይባላል። "ፑርሊ ነዎት?" ያለዎት ሰው ድህነትዎን ሳይሆን ሕመምዎን ነው የጠየቀው። ሕይወትን ለሚያሰጋ ነገር 999 ይደወላል፤ 112ም ይሠራል።

"ሃፍ ናይን" ዘጠኝ ተኩል ነው፤ በአገራችን አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። ሩሲያኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ግን በቋንቋቸው ልማድ ስምንት ተኩል ሊመስላቸው ይችላል። ባቡር ለመያዝ ይህን ማጣራት ይበጃል።

"ዩ ኦልራይት?" ሲሉ ፊትዎ ገርጥቶ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። እንደ እኛ ስለ ቤተሰቡና ስለ ጤናው ዘርዝሮ የሚመልስ የለም፤ "ኦልራይት" ብሎ ማለፍ ነው። "ቺርስ" ያለ ብርጭቆም ይባላል፣ አመሰግናለሁ ለማለት። "ኩዊድ" ፓውንድ ነው። በሰሜን እንግላንድ ለ"ቲ" ከተጠሩ ብዙ ጊዜ የተጠሩት ለእራት ነውና ጠግበው አይሂዱ። የሱቅ ሻጭ "ላቭ" ብትልዎ ፍቅር አይደለም፤ ኖቲንግሃም አካባቢ "ደክ"፣ ግላስጎው ደግሞ ሴትን "ሄን" ይላሉ። ዳክዬና ዶሮ መባል ለእኛ ጆሮ ይከብዳል እንጂ እንደ "የኔ እናት" ያለ አጠራር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሰምና ወርቃቸው ነው። "ኖት ባድ" ብዙ ጊዜ ምስጋና ነው፤ "ኩዋይት ጉድ" ግን እምብዛም አላስደሰተኝም ማለት ሊሆን ይችላል። "ዊዝ ረስፔክት" ብሎ የጀመረ ሰው ሊቃወምዎ ነው።

ካልገባዎት "ሶሪ?" ብለው ድምፅዎን እንደ ጠያቂ ከፍ ያድርጉ፤ ይደግሙልዎታል። እናታችንም በመጨረሻ ክሊኒኩ ሄደው ክኒን ተሰጥቷቸው ወጡ። ነርሷ ስትሸኛቸው "ቺርስ፣ ላቭ" ያሉት እሳቸው ነበሩ።