ያውቁ ኖሯል? የሙዝ ዳቦ ሳይደርቅና ሳይሻግት እንዲቆይ

ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባሉ ኮንዶሚኒየሞች የሙዝ ዳቦ የሚጋግር ሰው ሁለት ጠላት አለበት፤ ድርቀትና ሻጋታ። ችግሩ አንዱን የሚያባርረው ቦታ ሌላውን መጥራቱ ነው። የትኛው ማስቀመጫ ለየትኛው ቀን እንደሚሆን ለመምረጥ የሚረዱ እውነታዎች እነሆ።

● ዳቦ ያደረ ዳቦ የሚሆነው ውኃው ስለተነነ ብቻ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ፈረንሳዊው ኬሚስት ዣን ባፕቲስት ቡሲንጎ እርጥበቱ እንዳያመልጥ ታሽጎ የተቀመጠ ዳቦም እንደሚጠነክር እ.ኤ.አ. በ1852 አሳይቷል። ነገሩ ያለው ስታርቹ ላይ ነው። ስታርች ሲጋገር ውኃ ጠጥቶ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ቀስ በቀስ እንደገና ይደራጅና ይጠነክራል።

● ይህ መጠንከር ከሁሉም ቦታ ፈጥኖ የሚከናወነው ፍሪጅ ውስጥ መሆኑንስ? ከዜሮ ጥቂት ከፍ ያለ ቅዝቃዜ ለስታርች በጣም ይመቸዋል። ለተራ ዳቦ ፍሪጅ የማይመከረውም ለዚህ ነው። የሙዝ ዳቦ ግን ስኳሩና ዘይቱ ድርቀቱን ስለሚያዘገዩለት ፍሪጁን በተሻለ ይችለዋል። በደንብ ተሸፍኖ ጠረጴዛ ላይ ከ2 እስከ 3 ቀን፣ ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። አየሩ እርጥብ በሆነበት ክረምት፣ ከሁለት ቀን በላይ የሚቆየውን ፍሪጅ ውስጥ ማድረግ ይሻላል።

● ፍሪዘር የፍሪጅ ተቃራኒ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ የስታርቹም የሻጋታውም ሥራ ከሞላ ጎደል ይቆማል። በቁራጭ በቁራጭ ተጠቅልሎ የገባ የሙዝ ዳቦ ከ2 እስከ 3 ወር ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። በቁራጭ መሆኑ የሚጠቅመው ለቁርስ የሚፈለገውን ብቻ አውጥቶ ሌላውን ላለመንካት ነው።

● በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ የተገነባው በአቃቂ ወንዝ ላይ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? አባ ሳሙኤል ይባላል፤ አቅሙም 6.6 ሜጋ ዋት ነው። መብራት ዛሬም ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ታዲያ የፍሪዘሩን በር አይክፈቱ። ሙሉ ፍሪዘር ሳይከፈት 48 ሰዓት፣ ግማሹ የሞላ ደግሞ 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ፍሪጅ ግን የሚታገሠው 4 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው።

● አሜሪካ ተቆርጦ የሚሸጥ ዳቦን ከልክላ እንደነበርስ? እ.ኤ.አ. ጥር 1943፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ የተቆረጠ ዳቦ ቶሎ ስለሚደርቅ ወፍራም የሰም ወረቀት ይፈልጋል ተብሎ ታገደ። ሕዝቡ ስላማረረ እገዳው ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ተነሣ። ትምህርቱ ለእኛም ይሠራል፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ዳቦ ሳይቆርጡ ያቆዩት፤ ከቆረጡትም የተቆረጠውን ፊት ይሸፍኑት።

● ትኩስ ዳቦ መጠቅለል ሻጋታን እንደ መጋበዝ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ሽፋኑ ላይ ጠብታ ሆኖ ይቀመጣል፤ ጠብታውም ተመልሶ ዳቦው ላይ ያርፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ከቅርጹ አውጥተው፣ ከሥሩም አየር እንዲያገኝ አድርገው፣ እስኪበርድ ይጠብቁ። ሽፋኑ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው።

● አቃቂ ቃሊቲ ከአዲስ አበባ ዝቅተኛ ክፍሎች አንዱ ሆኖ ሳለ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ መሆኑንስ? እዚህ ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። የውጭ አገር መመሪያ «መሐሉ 96 ዲግሪ ሲደርስ አውጡት» ቢል እርጥብ ዳቦ እዚያ መድረስ ይቸግረዋል፤ ያን እየጠበቁ ማብሰል ትርፉ ማድረቅ ነው። በቀጭን እንጨት ወግተው ሊጥ ካልያዘ ያውጡት። ምድጃ ውስጥ የደረቀን ዳቦ የትኛውም ማስቀመጫ አያድነውም።

● ከአርባ ምንጭ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚመጣው ሙዝ የሚጫነው አረንጓዴ ሆኖ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? በልማድ የሚበስለው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ላምባ እየነደደ ነው። የሚያበስለው ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ኤቲሊን የተባለ ጋዝም ነው። ኤቲሊን በዕፅዋት ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ እ.ኤ.አ. በ1901 ደርሶበታል። ሙዝ ራሱም ሲበስል ይህንኑ ጋዝ ያወጣል፤ ስለዚህ አንድ የበሰለ ሙዝ ጎን የተቀመጠው ጥሬ ቶሎ ይበስላል።

● ልጣጩ የጠቆረ ሙዝ ለዳቦ የሚመረጠው ለጣዕም ብቻ እንዳልሆነስ? በመብሰል ላይ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ስኳርም ውኃን ይዞ ያቆያል። ለጾም ቅቤና እንቁላል ቀርቶ በዘይት ቢጋገርም አይጎዳም፤ እንዲያውም ዘይት በክፍል ሙቀት ስለማይረጋ ዳቦው ሲቀዘቅዝም ለስላሳ ይሆናል።

● ድፎ ዳቦ የሚጠቀለልበት ኮባ የሙዝ ዘመድ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ኮባ የእንሰት ቅጠል ነው፤ እንሰትና ሙዝ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። ቅጠሉ ሊጡን ከቀጥተኛ እሳት ይከላከላል፤ እርጥበቱንም ያቆይለታል። ከዚሁ ተክል የሚገኘው ቆጮ ደግሞ በቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ እየቦካ ለብዙ ወራት ይቀመጣል።

● ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ ፍሪጅ ሳያስፈልጋቸው የሚቆዩበትስ ምክንያት? ሻጋታ ውኃ ካላገኘ አያድግም። እንጀራ በሦስት ቀን ገደማ ሲሻግት፣ ያው እንጀራ ደርቆ ድርቆሽ ከሆነ ወራት ይሻገራል። የሙዝ ዳቦም በቀጭኑ ተቆርጦ ምድጃ ውስጥ እስኪሰባበር ከደረቀ ለሻይ የሚሆን ብስኩት ይወጣዋል።

● ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. መጽደቁን ያውቁ ኖሯል? ለዳቦውም ብዙ አይቀርበትም። ክዳኑ የሚገጥም ሳጥን እርጥበቱን ይይዛል፤ ከውስጡ ንጹሕ ጨርቅ ቢነጠፍበት ደግሞ ትርፉን ጠብታ ይመጥጣል። መሶብ ግን አየር ስለሚያሳልፍ ለዕለቱ እንጂ ለሳምንቱ አይሆንም።

● ሻጋታውን ቆርጦ ጥሎ የቀረውን መብላት አደገኛ መሆኑንስ? የሚታየው አረንጓዴ ነጥብ ፍሬው ነው። ክሩ ለስላሳውን ዳቦ ሰርስሮ ዓይን ከሚያየው በላይ ይዘልቃል፤ አንዳንዱም መርዝ ያመነጫል። አንድ ቦታ ከታየ ዳቦው በሙሉ ይጣል።

● ያደረ ዳቦ እንደገና እንደሚለሰልስ ያውቁ ኖሯል? ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የጠነከረው ስታርች ይፈታል። ክዳን ባለው መጥበሻ በዝግተኛ እሳት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ግን ወዲያው ይበላ፤ ሲበርድ ከበፊቱ ይብሳል።

● ለዳቦ ፍርፍር ከትኩሱ ይልቅ ያደረው እንደሚመረጥስ? ትኩሱ ወጡን ሲነካ ይላቁጣል፤ ያደረው ግን የጠነከረው ስታርች ቅርጹን ስለሚጠብቅለት ወጡን ጠጥቶም ሳይፈርስ ይቀርባል። ይህ ግን ለተራው ዳቦ ነው፤ የሙዙን ከበርበሬ ጋር አያገናኙት።