የጀልባ ባትሪ እንክብካቤ ሞተር ከማስነሳት ያለፈ የደኅንነት ጉዳይ ነው

በጣና ሐይቅ ላይ የሞተር ጀልባዎች ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ ደሴትና ወደ ጎርጎራ ሰውና ዕቃ ያጓጉዛሉ። መኪና ሞተሩ ጠፍቶ አልነሳ ቢል ዳር ይዞ ይቆማል፤ ጀልባ ግን በነፋስና በማዕበል ትወሰዳለች።

ጉዳዩ በክረምት ይበልጥ ይከብዳል። ቆማ የምታድር ጀልባ የዝናብ ውኃ ታጠራቅማለች። በራሱ የሚነሳ የውኃ ማስወጫ ፓምፕ የተገጠመላት እንደሆነ ፓምፑ ሌሊቱን ከባትሪው ኃይል ይስባል። ባትሪው ሲደክም ፓምፑ ይቆማል፤ ዝናቡ ግን አይቆምም።

የባትሪን አቅም በቀላል የቮልቴጅ መለኪያ ማወቅ ይቻላል። ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ ተሞልቶ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ቮልት ግማሽ ያህል መቅረቱን ያመለክታል። ከዚህ በታች እየወረደ በተደጋጋሚ የሚሠራ፣ ወይም ባዶውን የሚከርም ባትሪ በእርሳስ ፕሌቶቹ ላይ ጠጣር ነገር ስለሚጋገርበት ዕድሜው ያጥራል።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ የውኃ መጠኑ በየጊዜው ሊታይ ይገባል። ፕሌቶቹ ከውኃ በላይ መታየት የለባቸውም። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ነው፤ በጊዜ ብዛት የሚቀንሰው ውኃው እንጂ አሲዱ ስላልሆነ አሲድ አይጨመርም።

በባትሪው ጫፎች ላይ የሚወጣው ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ኃይል እንዳይተላለፍ ያግዳል። ለማጽዳት ገመዶቹ ይፈታሉ፤ ሲፈቱ ኔጌቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰሩ ደግሞ ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሆናል። ባትሪ ኃይል ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚያወጣ አየር በሚገባበት ቦታ መቀመጥ አለበት፤ በአጠገቡም ሲጋራ ማጨስም ሆነ እሳት መለኮስ አደገኛ ነው።

በተቃጠለ ፊውዝ ምትክ ሽቦ ማሰር ሌላው ስሕተት ነው። ፊውዝ የሚቃጠለው ገመዱ ግሎ እሳት እንዳያስነሳ ነው፤ በነዳጅ አጠገብ ይህን መከላከያ ማንሣት ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ይህ ጥንቃቄ በትራክተርና በፀሐይ ኃይል ለሚገለገል አርሶ አደርም ይሠራል። ያረጀ ባትሪ አሲዱና እርሳሱ ውኃንና አፈርን ስለሚመርዝ በሐይቅ ዳርቻም ሆነ በማሳ ላይ መጣል የለበትም።