ቀላል የሚባለው የአንጎል ጉዳት እንዴት ይመረመራል

ራሱን የተመታ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ነፍሱን ስቶ ከቆየ በኋላ ተነሥቶ ሲራመድ፣ ቤተ ዘመድ «ተመስገን፣ ተረፈ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ የሐኪሙ ምርመራ ግን የሚጀምረው ገና ከዚህ ነው። ቲስዴልና ጄኔት የተባሉ የግላስጎው ሐኪሞች በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጡትና በኋላ በተሻሻለው የንቃት መለኪያ፣ ዓይን መግለጥ እስከ 4፣ ንግግር እስከ 5፣ የአካል እንቅስቃሴ እስከ 6 ነጥብ ይሰጠዋልና፣ ድምሩ ከ13 እስከ 15 የሆነለት፣ ራሱን የሳተበትም ጊዜ ከ30 ደቂቃ ያላለፈ ሰው ጉዳቱ «ቀላል» ይባላል።

ሃውንስፊልድ የፈለሰፈው፣ በ1971 እ.ኤ.አ. በለንደን የመጀመሪያው ሕመምተኛ የታየበት ሲቲ ስካን፣ ጨረሩን በራስ ዙሪያ እያዞረ የአጥንት ስብራትንና አዲስ የፈሰሰን ደም ፈጥኖ ይገልጣል። ነገር ግን ራስ በድንገት ሲናወጥ የሚለጠጡት፣ ከአንዱ የአንጎል ክፍል ወደ ሌላው መልእክት የሚያደርሱት እጅግ ረቂቃን የነርቭ ክሮች ስለ ሆኑ፣ በቀላል ጉዳት ጊዜ ሥዕሉ አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። በብርቱ ማግኔት የሚሠራው ኤምአርአይ ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦችን ጭምር ያሳያል፤ ውሃ በክሮቹ አቅጣጫ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚለካው ረቂቅ ስልቱ ግን ለጥናት እንጂ በአንድ ሕመምተኛ ላይ ለመፍረድ ገና አልጸናም።

ስለዚህ ማሽኑ ዝም ያለበትን፣ ሰው ሰውን ጠይቆ ይመረምረዋል። መርማሪው ጥቂት ቃላት ነግሮ በኋላ መልሶ ይጠይቃል፤ «4፣ 9፣ 3፣ 7» ብሎ በዝግታ ሲጠራ፣ ሕመምተኛው «7፣ 3፣ 9፣ 4» ብሎ ከኋላ ወደ ፊት ይመልሳል፤ በወረቀት ላይ የተበተኑትን ቁጥሮችና ፊደላትም 1ን ከሀ፣ ሀን ከ2፣ 2ን ከለ እያያያዘ በመስመር ሲከተል ሰዓት ይያዝበታል። በዚህ ጊዜ የሚታየው ስሕተቱ ብቻ ሳይሆን መዘግየቱም ነው፤ ድሮ ሁለት ነገር በአንድ ልብ ይይዝ የነበረ ሰው፣ ፊደሉን ሲያስብ ቁጥሩ ይጠፋዋልና። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ የትምህርት ማነስ፣ በባዕድ ቋንቋ መፈተንም ውጤቱን ዝቅ ስለሚያደርጉት፣ አስተዋይ መርማሪ በአንድ ቀን ፈተና አይፈርድም፤ ከሰውየው የቀድሞ ኑሮ ጋር ያመዛዝነዋል፣ ደግሞም ይፈትነዋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሥዕሉ ንጹሕ ነው የተባለ ዘመድህ «ልቤ አልሰበሰብ አለኝ» ቢልህ እመነው፤ ራስ ምታቱ እየባሰ ቢሄድ፣ ደጋግሞ ቢያስመልሰው፣ እጅ እግሩ ቢዝል ወይም ለመንቃት ቢያቅተው፣ ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም መልሰህ ውሰደው።