ከአያት እስከ ልጅ ልጅ አብረን ያየናቸው የድሮ ፊልሞች

እሁድ አመሻሽ ላይ ቤታችን እንዲህ ነበር። ባለቤቴ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ደጁን ያያል። እኔ የቡናውን ዕቃ አጣጥባለሁ። የአሥራ ሁለት ዓመቱ የልጅ ልጄ ስልኩ ላይ አንገቱን ደፍቷል። ሦስታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነን፤ ግን ማንም ከማንም ጋር አይደለም።

ባለቤቴን ስትሮክ ከመታው ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ቀኝ እጁንና እግሩን አደከመው፤ ንግግሩንም ወሰደበት። የምንለውን ይሰማል፣ ይገባዋልም፤ መልሱ ግን ከአፉ አይወጣም። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያሉ ሕመምተኞችን ብዙ አስታምሜያለሁ። ለቤተሰቦቻቸውም «አናግሯቸው፣ ዝም አትበሏቸው» እያልኩ እመክር ነበር። ነገሩ በገዛ ቤቴ ሲደርስ ግን «በላህ? ጠጣህ? መድኃኒትህን ዋጥክ?» ከማለት ሌላ ወሬ አለቀብኝ።

አንድ እሁድ የቴሌቪዥኑን ጣቢያ ስቀያይር ጥቁርና ነጭ ፊልም መጣ። ቆብ የደፋ፣ ሰፊ ሱሪ የለበሰ፣ ከዘራ የያዘ አጭር ሰው እየተንገዳገደ ይሄዳል። ቻርሊ ቻፕሊን ነው። የልጅ ልጄ ቀና ብሎ «እማማ፣ ቴሌቪዥኑ ተበላሸ እንዴ? ቀለምም የለው፣ ሰዎቹም አያወሩ» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ከመስኮቱ በኩል አንድ ድምፅ ሰማሁ። ባለቤቴ እየሳቀ ነበር። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እሁድ ማታ የፊልም ሰዓታችን ሆነ። እኔ የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። ሆኖም ከእኛ ጋር እኩል የሚያረጁ ወላጆች፣ ስልክ ላይ የተተከሉ ልጆች በየቤቱ እንዳሉ ስለማውቅ፣ ያየናቸውን የድሮ የሆሊውድ ፊልሞች ላካፍላችሁ። በጽሑፌ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለምን የድሮዎቹን?

ወላጆች የምታውቁት ነገር አለ። ከልጅ ጋር ፊልም እያያችሁ ድንገት የሚያሳፍር ነገር ይመጣና ሪሞት ፍለጋ ትራወጣላችሁ። የሆሊውድ ኩባንያዎች ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የሚያስፈጽሙት የራሳቸው የሥነ ምግባር ደንብ ነበራቸው። ርቃን ማሳየትም ሆነ ጸያፍ ቃል መናገር የተከለከለ ነበር። ይህ ደንብ በ1968 ቀርቶ፣ ፊልሞችን ለየትኛው ዕድሜ እንደሚስማሙ በመለየት ተተካ። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት የተሠሩትን ስታዩ ሪሞቱን ጠረጴዛ ላይ ልታስቀምጡት ትችላላችሁ።

እንዲህ ስል ግን ሁሉም ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ሲጋራው ብዙ ነው። ጥቁር ሰዎችም አብዛኛውን ጊዜ አገልጋይ ወይም መሳቂያ ሆነው ነው የሚታዩት። «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በተባለው የ1939 ፊልም የቤት ሠራተኛዋን ሆና የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተዋናይ ናት። በሽልማቱ ምሽት ግን ከፊልም ባልደረቦቿ ተለይታ ሌላ ጠረጴዛ ላይ እንድትቀመጥ ተደርጋለች። ይህን ለልጅ ልጄ ስነግረው «ታዲያ ሽልማቱን ለምን ሰጧት?» አለኝ። በዚያ ጥያቄ ግማሽ ሰዓት አወራን። አብሮ የማየት ጥቅሙ ይኸው ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ፦ «ዘ ኪድ»

«ልጁ» ማለት ነው። ቻፕሊን በ1921 ያወጣው፣ አንድ ሰዓት ያህል የሚወስድ ድምፅ አልባ ፊልም ነው። አንድ ድሃ መስታወት ገጣሚ የተጣለ ሕፃን አግኝቶ ያሳድጋል። ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው ፊት ፊት እየሄደ የሰው መስኮት በድንጋይ ይሰብራል፤ አሳዳጊው ደግሞ ከኋላ መስታወት ተሸክሞ ይደርስና ጠግኖ ይከፈለዋል። ባለቤቴን ያሳቀው ይህ ነው። ኋላ የማሳደጊያ ድርጅት ሰዎች ልጁን በግድ ሲወስዱት ግን ሳቁ ይቆማል።

ቻፕሊን ራሱ ለንደን ውስጥ በድህነት ያደገ፣ በልጅነቱ የድሆች መጠለያ የገባ፣ እናቱም የአእምሮ ሕመምተኛ የነበሩ ሰው ነው። ፊልሙን መሥራት ሊጀምር ሲል የመጀመሪያ ልጁ በተወለደ በሦስት ቀኑ ሞቶበታል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ልጁን አቅፎ የሚያለቅስበትን ቦታ እንደ ትወና ብቻ ማየት አልቻልኩም።

ለወላጆች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ልጁን ሆኖ የተጫወተው ጃኪ ኩጋን በልጅነቱ ብዙ ገንዘብ አገኘ። ሲያድግ ግን እናቱና እንጀራ አባቱ አጥፍተውት አገኘው። በ1938 ከሰሳቸው። በዚሁ ምክንያት የካሊፎርኒያ ግዛት በ1939 የሕፃናት ተዋንያንን ገቢ የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። ዛሬ ልጆቻችሁን ቪዲዮ እየቀረጻችሁ ገንዘብ የምታገኙ ብትኖሩ ልታስቡበት ይገባል።

ይህን ፊልም ያስቀደምኩት ቋንቋ ስለማይጠይቅ ነው። መናገር የማይችለው ባለቤቴ፣ እንግሊዝኛ የሚቀናው የልጅ ልጄና አማርኛ የሚቀናኝ እኔ እኩል የሳቅንበት ነው።

ለበዓል ሰሞን፦ «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ»

ፍራንክ ካፕራ በ1946 ያወጣው ነው። ጆርጅ ቤይሊ የተባለ ሰው በአንዲት ትንሽ ከተማ የቁጠባና ብድር ማኅበር ይመራል። ድሆች ቤት እንዲሠሩ ሲል የራሱን ምኞት ሁሉ ትቷል። በገና ዋዜማ አጎቱ ስምንት ሺህ ዶላር ይጥልና፣ ጆርጅ ተስፋ ቆርጦ ራሱን ሊያጠፋ ድልድይ ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ መልአክ ይላክለትና እሱ ባይወለድ ኖሮ ከተማዋ ምን ትመስል እንደነበር ያሳየዋል። መጨረሻው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የኛው ተረት ነው ብላችሁ ያዙት።

እኔን የያዘኝ ግን መጀመሪያ ላይ ያለ አጭር ክፍል ነው። ጆርጅ ልጅ ሳለ መድኃኒት ቤት ይላላካል። ባለመድኃኒት ቤቱ ልጁ በኢንፍሉዌንዛ መሞቱን የሚገልጽ ቴሌግራም ደርሶት፣ በኀዘን ፈዝዞ መርዝ በመድኃኒት ፋንታ ይሞላል። ጆርጅ ያይና አላደርስም ይላል። በጥፊ ይመታል፤ ያም ሆኖ አያደርስም። በሥራዬ ዘመን ለተማሪ ነርሶች «አዛዡ ማንም ይሁን፣ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ሳታነቡ አትስጡ» ስል ኖሬያለሁ። ይህ ልጅ ግን በአንድ ደቂቃ አስረድቶልኛል።

ፊልሙ በወጣበት ጊዜ እንደታሰበው ገቢ አላስገኘም። በ1974 የባለቤትነት መብቱ ሳይታደስ በመቅረቱ ግን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ያለ ክፍያ በየገናው ያሳዩት ጀመር፤ የበዓል ልማድም ሆነ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ስላለበት ልጆች ብቻቸውን አይዩት። አብራችሁ እዩና ጠይቋቸው።

ለወጣቶች፦ «ትዌልቭ አንግሪ ሜን»

አሥራ ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባቸው በአንድ ወጣት ሕይወት ይወስናሉ። አሥራ አንዱ ጥፋተኛ ነው ሲሉ፣ በሄንሪ ፎንዳ የተወከለው አንዱ ሰው «እስኪ እንነጋገር» ይላል። የ1957 ፊልም ነው፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል ትንሽ ቢበልጥ ነው። ተኩስ የለም፣ ሩጫ የለም። የልጅ ልጄ ግን ስልኩን ሳይነካ ጨረሰው።

ለሙያ ባልደረቦቼ፦ «ዘ ነንስ ስቶሪ»

ይህ በ1959 የወጣ፣ ኦድሪ ሄፕበርን የተጫወተችበት ፊልም ነው። የቤልጂየም ሐኪም ልጅ መንኩሳ ነርስ ትሆናለች፤ ምኞቷ ኮንጎ ሄዶ ማገልገል ነው። አለቃዋ ለትሕትና ሲባል የሐሩር ክልል በሽታዎችን ፈተና ሆን ብላ እንድትወድቅ ይጠይቋታል። ታዝዛ ትውደቅ ወይስ ለሕመምተኞቿ ስትል ትለፍ? ነርስ የሆነ ሁሉ ይህን ሲያይ ወንበሩ ይቆረቁረዋል። ቅር ያለኝ ነገር ኮንጎዎቹ በገዛ አገራቸው ከበስተጀርባ መቆማቸው ነው።

ቤታችንን ያናጋው ፊልም

የመጨረሻው «ሜክ ዌይ ፎር ቱሞሮው» ይባላል፤ «ለነገ መንገድ ልቀቁ» እንደማለት ነው። ሊዮ ማኬሪ በ1937 ሠራው። ሃምሳ ዓመት በትዳር የቆዩ ባልና ሚስት ቤታቸውን ባንክ ይወስድባቸዋል። አምስት ልጆች አሏቸው፤ ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያስጠጋ ግን አልተገኘም። እናት ወንድ ልጃቸው ቤት፣ አባት ሴት ልጃቸው ቤት ይሄዳሉ፤ ለጊዜው ተብሎ። እናትየዋ በስልክ ከባላቸው ጋር ጮክ ብለው ሲያወሩ የልጃቸው እንግዶች መጀመሪያ ይሳቀቃሉ፤ ቆይተው ሁሉም ጸጥ ይላሉ። እናትየዋን የተጫወተችው ቡላ ቦንዲ ያኔ ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም። እያንዳንዳቸው በቂ ምክንያት አላቸው፤ ከባዱም ነገር እሱ ነው።

ይህን ያየነው ወንድ ልጄ ከሐዋሳ ለሥራ መጥቶ እኛ ዘንድ ባደረበት ሌሊት ነው። በዚያን ጊዜ እኛም አንድ ዕቅድ ነበረን። አሜሪካ ያለችው ልጄ ልትወልድ ነው፤ እኔ ሄጄ ስድስት ወር አርሳታለሁ። አባታቸው ደግሞ እስከዚያ ሐዋሳ ይቆያል። ሁላችንም ተስማምተን ነበር። እሱን ግን የጠየቀው አልነበረም፤ መናገር ስላቃተው ሐሳብ የሌለው ይመስል።

የልጅ ልጄ ከሥር የሚጻፈውን እያየ ወደ አማርኛ ይመልስልን ነበር። መጨረሻ ላይ ሁለቱ አዛውንት ባቡር ጣቢያ ሲቆሙ መተርጎሙን ተወ። አያስፈልግም ነበር። ባለቤቴ በግራ እጁ እጄን ያዘ፤ ባቡሩ ከሄደም በኋላ አለቀቀኝም።

ልጄ ቴሌቪዥኑን አጠፋና አባቱ ፊት ተንበረከከ። «አባባ፣ ሐዋሳ መሄድ ትፈልጋለህ?» አለው። ራሱን ነቀነቀ፤ አልፈልግም። «እዚሁ ቤትህ ብትሆንስ?» አለው። አዎ። መናገር ያቃተውን ሰው አዎ ወይም አይ ብሎ በሚመልሰው መንገድ ጠይቁ ብዬ ስንቱን ቤተሰብ መክሬያለሁ። በራሴ ቤት ግን ፊልም እስኪያስታውሰኝ ድረስ አላደረግኩትም።

ለልጄ ደወልኩላት። መጀመሪያ አለቀሰች። ቆይታ «እማዬ፣ ስድስት ሳምንትም ይበቃኛል» አለችኝ። ያን ያህል እሄዳለሁ። የልጅ ልጄና እናቱ እዚህ መጥተው ከአባባ ጋር ይቆያሉ። ይህን ዕቅድ ስናወጣ ግን አስቀድመን ጠይቀነዋል።

የፊልሙ ኩባንያ መጨረሻው ደስ የሚያሰኝ ይሁን ብሎ ማኬሪን ወጥሮ ይዞት ነበር፤ እሱ ግን እምቢ አለ። በዚያው ዓመት በሠራው ሌላ አስቂኝ ፊልም ኦስካር ሲሸለምም፣ የሸለማችሁኝ በተሳሳተው ፊልም ነው ብሏቸዋል።

ከነርሷ ጥቂት ምክር

ረጅም ፊልም በሁለት ማታ ክፈሉት። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረውን «ዘ ሳውንድ ኦቭ ሚዩዚክ» እኛ ሁለት እሁድ ነው ያየነው። አረጋውያንን በየግማሽ ሰዓቱ ደግፋችሁ አስነሷቸው፤ እግራቸውን ያንቀሳቅሱ። ክፍሉን ጨርሳችሁ አታጨልሙ፤ ለመጸዳጃ ሲነሱ ይወድቃሉ። ስትሮክ አግኝቶት መዋጥ ለሚከብደው ሰው ቆሎም ፈንዲሻም አታቅርቡለት፤ እየሳቀ ደግሞ ምንም አይብላ። ልጆች ትምህርት ቤት ካላቸው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ጨርሱ።

ፊልሞቹ በዲሽ በሚገቡ የውጭ ጣቢያዎች በተለይ በበዓል ሰሞን ይታያሉ። ካልሆነም ልጆቹ ከኢንተርኔት ፈልገው ቴሌቪዥኑ ላይ መክፈት አያቅታቸውም፤ ሥራውን ለእነሱ ስጧቸው።

እኛ ቤት አሁን ፊልም የሚመርጠው ባለቤቴ ነው። የልጅ ልጄ ሁለት ስም በትልልቁ ወረቀት ላይ ይጽፍና ፊቱ ይዘረጋለታል፤ እሱም በግራ እጁ ይጠቁማል። ላለፉት ሦስት እሁዶች የጠቆመው ቻፕሊንን ነው። የልጅ ልጄ «አባባ፣ እሱንማ አይተነዋል እኮ!» ይለዋል። አባባ ግን ጣቱን አያነሳም።