ከስሜን ተራሮች ይዘነው የምንመለሰው

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ብሔራዊ ፓርኮቻችን ስፋትና በውስጣቸው ስለሚኖሩት አራዊት በየጊዜው ይጻፋል። ጎብኝቶ በተመለሰው ሰው ልብ ውስጥ ምን እንደሚቀር ግን እምብዛም ሲነገር አልሰማሁም። በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተማሪ እንደ መሆኔ መጠን፣ በዚህ ጉዳይ ያለኝን ጥቂት አሳብ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

በኅዳር ወር 2012 ዓ.ም. ተማሪዎቻችንን ይዘን ከጎንደር ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄደን ነበር። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ መቋቋሙን፣ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከተጻፉት 12 ቦታዎች አንዱ መሆኑን ልጆቹ አስቀድመው ተምረዋል። ዋልያ ከዚያ ተራራ በቀር በየትኛውም የዓለም ክፍል በዱር እንደማይገኝም ያውቃሉ። ይህን ሁሉ ለፈተና ሸምድደውታል።

እኔ ባደግሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት በዕድሜ የገፉ አንዲት መምህርት ነበሩ። ከማናቸውም ጉዞ ስንመለስ፣ «ያያችሁትን ተዉትና የሰማችሁትንና የሸተታችሁን ጻፉ» ይሉን ነበር። እኔም ለተማሪዎቼ ይህንኑ ትእዛዝ ሰጠሁ።

ደብተሮቹ ሲሰበሰቡ ስለ ዋልያ የጻፉት ከሦስት አይበልጡም። አንዲት ልጅ ስለ ጭላዳ ጽፋለች፤ መንጋው ሜዳው ላይ ተቀምጦ ሣሩን በጣቱ ሲነጭ የሚሰማው ድምፅ፣ እናቷ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ጎመን ሲቀነጥሱ ከሚሰማው ጋር አንድ ሆነባት። ሌላው የጻፈው ስለ ተቃጠለ አስታ ሽታ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ ብርቱ እሳት ተነሥቶ እንደ ነበር፣ እርሱንም ለማጥፋት የአገሩ ሰው እንደ ወጣና ከእስራኤል ድረስ ሠራተኞች እንደ መጡ አንባቢ ያስታውሳል። አንደኛው ደግሞ በሳንቃበር ብርድ ሲያንቀጠቅጠው የፓርኩ ጥበቃ ጋቢውን አውልቆ እንዳለበሰው ብቻ ጽፎ ሰጠኝ። የጋቢው ጭስ ጭስ ማለት ከተራራው ሁሉ በልጦበታል።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን ቤተሰቦቹ ከግጭ የተነሡት ልጅ ድርሰት ነው። እንዲህ ይላል፤ «ጓደኞቼ የሣር ሜዳ አዩ። እኔ የአያቴን የገብስ ማሳ አየሁ። የተቆላ ገብስ ሸተተኝ፤ ማንም ግን የሚቆላ አልነበረም።»

ግጭ በፓርኩ መካከል በደጋው ላይ የነበረች መንደር ናት። እርሻውና ግጦሹ እየሰፋ፣ መንገዱም ፓርኩን እያቋረጠ ሲሄድ አራዊቱ በመመናመናቸው፣ ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ተቈጠረ። በ2008 ዓ.ም. ገደማ የግጭ ሰዎች ተነሥተው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከዚያ መዝገብ ወጣ። መነሣታቸው ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ክርክር እዚህ ላይ አላነሣም። ሣሩ ማገገሙ ለጭላዳውም ለዋልያውም በጎ ነው። ነገር ግን ጎብኚውን ገደል አፋፍ ላይ አቁሞ የቦታውን ከፍታ በሜትር ብቻ መንገር፣ ሰው ተወልዶ፣ ታጭቶና ተቀብሮ የኖረበትን መሬት ማንም ያልረገጠው በረሃ ማስመሰል ነው። ለእንግዳው የአንድ ቀን ትዝታ የሆነው ቦታ ለሌላው የዕድሜ ልክ ትዝታ ነው፤ ይኸኛው ግን በየትኛውም ሰሌዳ ላይ አልተጻፈም።

(በዚያ ጉዞ በስልክ የተነሡት ፎቶግራፎች ብዛታቸው ለጉድ ነበር። ዛሬ አሳዩኝ ብል የሚያሳየኝ አላገኘሁም፤ ስልኮቹ ተሰብረዋል ወይም ተሸጠዋል። ደብተሮቹ ግን ሣጥኔ ውስጥ አሉ።)

ከዚያ ወዲህ በሽታውም ጦርነቱም ተከታትለው ስለ መጡ ወደ ስሜን የሚሄደው እንግዳ እጅግ አንሷል። አስጐብኚዎቹም ሌላ እንጀራ ፍለጋ ተበትነዋል። ሽማግሎቹም በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ስለዚህ የደባርቅና የጎንደር ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ከግጭ ከወጡት አባቶችና እናቶች ዘንድ ልከው ቃላቸውን ቢያስጽፉ መልካም ይመስለኛል። የየምንጩ ስም ማን ነበር? ሽማግሎች ለዕርቅ የሚቀመጡበት ድንጋይ የቱ ነው? ጉም በወረደ ቀን ዋልያ እስከ የት ድረስ ይመጣ ነበር? ጽሑፉ ተሰብስቦ በደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ቢቀመጥ፣ መንገዱ ሲከፈት አዲሱ አስጐብኚ የሚናገረው አያጣም።

ያ ተማሪዬ አሁን ጎልማሳ ሆኖ በደባርቅ ሾፌር ነው። ባለፈው ወር በስልክ ተገናኝተን ነበር። አያቱ በሕይወት አሉ፤ ክረምት ሳይገባ ከአጠገባቸው ተቀምጦ የሚነግሩትን ሊጽፍ ቃል ገብቶልኛል። የምንጮቹን ስም አስቀድሞ እንዲጠይቃቸው አደራ ብዬዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከጎንደር